የስምንት ዓመት ዋስትና

ሦስት ቀን ዘነበ፣ ቬላሽ ላይ ሳያባራ፤
ባሕሩና ጉሙ ድንበር አጥተው፣ ደሴቷን ከበው ሲያጓራ፣
አባቴ ሬኖውን በቁልቁለት ይዞ
ከጎሚስታው ደጃፍ ደረሰ ተክዞ።

ከኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች ሬኖ፤
ወተት ስትሸከም ኖራ፣ ሽታዋ አይብ አይብ ሆኖ።
እሱ አይሸትም ይላል፤ አፍንጫው ለምዶታል፤
ሰው የገዛ ቤቱን ሽታ መች ያውቀዋል?

በኔ ጭቅጭቅ ነው የመጣነው። ባለፈው እሑድ
ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በመታጠፊያው መንገድ፣
ኋላዋ እንደ ዓሣ ተንሸራቶ ሲሄድ
መሪውን ጨብጦ «ነፋስ ነው» አለኝ።
እኔ ግን ነፋስ አላየሁም፤
የቄሱ አጥር ነው የታየኝ።

ዜፌሪኖ ክሪኩን አስገብቶ አነሳት፤
የላም ጥርስ ቆጥሮ ዕድሜ እንደሚያውቅ ደላላ
በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ የፊቱንም የኋላ።

«ጥርሱ ሙሉ ነው» አለ አባቴ ቀድሞ፣
ኪሱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ በሩ ላይ ቆሞ፤
«ይኸው ሳንቲም ክተትበት፣ ግማሿ ትሰምጣለች።
ምን ጎደላት? ገና ብዙ ታገለግላለች!»

ጎሚስታው ባትሪ አምጥቶ አበራ።
ከቸርኬው ጠርዝ በላይ፣ ከጭቃው ሥር፣ ከጽሑፉ ተራ፣
አራት ቁጥር አሳየን፦ ሳምንቱና ዓመቱ፣
ጎማው የተወለደበት፣ የክርስትና ወረቀቱ።
«አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ጥርስማ ይኖረዋል፤
ጎማ ሲሮጥ ብቻ መሰለህ? ቆሞም ያረጃል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በጎኑ ላይ ስንጥቅ፣
እንደ ደረቀ ኩሬ፣ ቀጭን ግን ጥልቅ።
እናቴ ከሞተች ወዲህ ቆማ የባጀች መኪና፣
በሳምንት አንዴ ለቅዳሴ፣ አንዴ ለመድኃኒት፤
ሌላ ጉዳይ የላትምና።

ሦስት ዓይነት ጎማ ግድግዳው ሥር ተደረደረ።
አንዱ ርካሽ፣ ጥቁረቱ የሚያምር፣
ስሙን ለማንበብ ዜፌሪኖም የተቸገረ።
አንዱ ሰፊ፣ ጎረምሳ የሚመኘው፣
ለሷ ግን የአጎት ጫማ ነው፤ ስትታጠፍ ብረቷን የሚፍቀው።
ሦስተኛው ጠባብ፣ ለዝናብ የተቦረቦረ፣ ልክ በልኳ፣
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በመርከብ የሚመጣ፤
ዋጋውን ሲሰማ አባቴ አማተበ።

«ሁለት ብቻ» አለ። «ፊት ይግቡ።»
«ከገቡስ ኋላ ነው። ፊት ቢያዳልጥህ መሪ ይዘሃል፤
ኋላ ቢያዳልጥህ ምን ትይዛለህ?»
አባቴ መልስ አጣ። መልስ ሲያጣ ይቆጣል።
«እንግዲያው ርካሹን! ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤
ከኔ የሚተርፍ ጎማ ለማን ብዬ ነው የምገዛው?»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
ለኔ የሚባል ነገር ነበር፤ አፌ ግን ታሰረ።
ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ
«ኦሬልዩ፣ ጎማ ዕድሜህን አይጠይቅም» አለ፤
«መንገዱን ነው የሚጠይቅ።
መንገዱ ደግሞ፣ ይኸው፣ እርጥብ ነው።»

አባቴ ምንም አላለ። በሩን ከፍቶ ገባ፤
ክሪክ ላይ እንደተሰቀለች፣ ከመሬት ክንድ ከፍ ብላ፣
መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።
የትም የማይሄድ መንገድ በመስተዋቱ አየ።
ማርሽ ነካ። ቆየ።
እኔና ዜፌሪኖ ጎማ ስንቆጥር ቆየን፣
የተቆጠረውን መልሰን።

ከዚያ መስኮቱን ሸርተት አደረገና
«አራቱንም» አለ።
«የትኛውን?»
«ያንን ውዱን፣ ሌባ! ስኮርቱ ግን አሮጌው ይሁን።»

ወረቀቱ ላይ ዋስትናው ስምንት ዓመት ይላል።
መነጽሩን አድርጎ ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤
እስኪርቢቶ ተውሶ፣ ስሙን ሙሉውን፣
የእናቱን የአባቱን ሳይቀር፣ ቀስ ብሎ ጻፈው።
«ሰማንያ አራት... ስምንት...» ሲል ከንፈሩ ላይ አየሁት፣ ሲደምር።
አጥፎ ከመንጃ ፈቃዱ ሥር ከተተው።

ስንመለስ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ዝናቡ ጭራሽ በረታ።
ኋላዋ ንቅንቅ አላለም።
የቄሱ አጥር በቦታው፣ በቀስታ አለፈን።
«አየሽ» አለኝ፣ «ነፋሱ ቆሟል።»