ተራ

ባሕር ሰዓት ያውቃል፤
ነገ ጠዋት ለአንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ይሞላል፣
ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ ይጎድላል።
መዝጋቢዋ እኔ ነኝ፣ በሆሊሄድ ወደብ፣
ከመርከቡ ቀድሜ ውሃውን ሳነብ፤
ሃያ ስድስት ዓመት እርሳሴን ይዤ፣
በዝናብ በነፋስ ሰንጠረዥ መዝዤ።

የጤና ቢሮው ግን እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦
«የኦቲዝም ምርመራ ጥያቄዎ ደርሶናል።
ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ባንዱ ቀን፣ ባንዱ ሰዓት እንደውላለን።
ከስልክዎ አይራቁ። ካላነሱ ተራዎ ያልፋል።»

ስልክ ሲጮኽ እኮ ነው እኔ የምጠፋው!
ፊት የሌለው ድምፅ፣
ቃሉ ሳያልቅ መልስ የሚሻ።
ማመልከቻው ላይ ጽፌዋለሁ፣ ገጽ አራት፣ ቁጥር ዘጠኝ፦
«ስልክ ማንሳት አልችልም።»
አነበቡት፤ ገባቸው፤ አዘኑልኝ፤
«ስለዚህ ጉዳይ በስልክ እንነጋገር» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ዶክተር ፓሪ ነበር፦
«ሥራ አለሽ። መኪና ትነጂያለሽ። ባልም ነበረሽ።
ይኸው እያወራን ዐይን ዐይኔን ታይኛለሽ!»
ዐይኑን አላየሁም።
በሁለቱ ቅንድቦቹ መሐል ጠባሳ አለችው፣
የሩዝ ፍሬ የምታህል፤
እሷን ሳይ ሦስት እቆጥራለሁ፣ መስኮቱን ሳይ ሁለት፣
ተመልሼ ደግሞ ሦስት።
ማንም አላስተማረኝም፤
በአሥራ አንድ ዓመቴ በጥፊ የገዛሁት ነው።

ተራ ሰው ለመምሰል ዕድሜዬን ፈጅቼ፣
ተራ ነሽ ተባልኩኝ ተራ ልይዝ መጥቼ።

ቅጹ ሠላሳ ስምንት ገጽ ነው።
«ብዙ ሰው ያለበት ቤት ያስጨንቅዎታል?
አዎ። አንዳንዴ። በፍጹም።»
ብዙ ማለት ስንት ነው?
ቤቱስ የማን ነው? በሩ በየት በኩል ነው?
ጣሪያው ላይ ሲር የሚል መብራት አለ?
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፤
ኅዳጉ ሲሞላ ከጀርባው ቀጠልኩ።
በሰባተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ፦
«እባክዎ፣ አንድ ሣጥን ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉ።»
ከዚህ በላይ ምን ምልክት ፈለጉ?

ገጽ ሠላሳ አንድ፦ በልጅነትዎ የሚያውቅዎ ሰው ይፈርም።
እናቴ ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመቷ።
እሷ ብትኖር ትነግራቸው ነበር፦
የመስኮቱ ደፍ ላይ ከትንሽ እስከ ትልቅ የደረደርኩትን ዛጎል፣
አንዱ የተነሣብኝ ቀን እስኪመሽ ማልቀሴን፣
የሱፍ ሹራቤን አንገት በመቀስ መቁረጤን።
የቀረኝ ምስክር ወንድሜ ኤምሪስ ነው።
አንድ መስመር ጻፈ፦
«ኔሪስ ጨዋ ልጅ ነበረች፤ ማንንም አታስቸግርም።»
በፍቅር ነው የጻፈው።
በፍቅር ነው በሩን የቆለፈው።

«በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» ትለኛለች ኤሉኔድ፣
የወደብ ባልደረባዬ፣ ሻይዋን እያማሰለች።
ምን ያደርግልኛል…
ካርታ ላይ ያልሰፈረ ዐለት አለ እንበል፣
መርከብ ሁሉ የሚገጨው፣
ካፒቴን ሁሉ ራሱን የሚረግምበት።
ስም ስላገኘ ዐለቱ አይለሰልስም፤
ግን ካርታው ላይ ይጻፋል፣
የሚመጣውም ዞሮ ያልፋል።
ይህን አልነገርኳትም። «እንጃ» አልኩ።

ረቡዕ ዕለት፣ ውሃው ሊሞላ ሲል፣ ኪሴ ውስጥ ጮኸ።
የተደበቀ ቁጥር።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
አውራ ጣቴ መስታወቱ ላይ ማረፍ ፈራ።
አራት።
ዝም አለ።
ውሃው በሰዓቱ ሞላ፤ መዘገብኩት።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፦ «ልናገኝዎ ስላልቻልን
ከዝርዝሩ ሰርዘንዎታል። እንደገና ማመልከት ይችላሉ።
ጥበቃው በአሁኑ ጊዜ አራት ዓመት ነው።»

እርሳስ ቀረጽኩ።
ስም፦ ኔሪስ።
ዕድሜ፦ ያን ጊዜ አርባ ዘጠኝ ነበር የጻፍኩት፣
አሁን ሃምሳ ሁለት።
ገጽ አራት፣ ቁጥር ዘጠኝ፦ «ስልክ ማንሳት አልችልም።»
ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩ።