የነሐሴ ገጽ

ከዶሮ ማነቂያ፥ ደረጃውን ወርዶ፣
አንድ ተራራ አለ፥ በምስማር ተንጋዶ፤
ከጋሽ ላቀው ሱቅ ውስጥ፥ ከሲንጀሩ በላይ፣
ቀይ ባቡር ይከንፋል፥ በድንጋይ ድልድይ ላይ።
የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ፥ ዓመቱ ያለፈ፣
ነሐሴ ላይ ደርሶ፥ ከመቁጠር ያረፈ።
የምድር ባቡር ጸሐፊ፥ ካፖርት አሰፍቶ፣
ለዕዳው ሰጠው አሉ፥ የሚከፍለው አጥቶ።

ሱፍ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ፥ ዋጋ ሳይጠይቅ በፊት
"ይሄ የት አገር ነው?" ይላል።
ጋሽ ላቀው በየቀኑ ሌላ አገር ይጠራል።
ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል፤
በረዶው ላይ ቡናማ ቀለበት ይቀራል።

ልጅ ሆኜ፥
ለትምህርት ቤት ሱሪ ወገቤ ሲለካ፣
ቀዝቃዛው ሜትሩ እምብርቴን ሲነካ፣
ዓይኔ ከባቡሩ ጋር ዋሻ ውስጥ ይገባል።
ግን በየት ነው የሚወጣ?
አንድ ቀን፥ ጋሽ ላቀው ክር ሊገዛ ሲወጣ፣
በርጩማ ላይ ቆምኩና ገጹን ገለጥኩት፤
መስከረም።
በሸክላ ሳህን ላይ አንድ ዘለላ ወይን።
ሐዲድ የለ፥ ጭስ የለ፥ የበረዶ ዘር የለ።
መልሼ አለበስኩት። ለማንም አልነገርኩ።

የሱ ሥራ የባቡር ሰው ማልበስ ነበር፤
ሾፌሩን፥ ፍሬን ያዡን፥ ትኬት ቆራጩን፥
የናስ ቁልፍ በሁለት ረድፍ።
"ኮቴ አዋሽን ያውቃል፥ ድሬን፥ ጅቡቲን፤
እኔ ግን ከለገሃር አጥር አላለፍኩም" ይልና ይስቃል፥
በከንፈሩ መሃል አራት መርፌ ይዞ።

"ሜዳ ላይ ምን አለ?" ይላል ክር እያስገባ፤
"ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ
የሚጎትትህን ሳታየው ትደርሳለህ፤
የምታየው ሁሉ የፊተኛው ሰው ማጅራት ነው።
ተራራ ላይ ግን፥ መንገዱ ሲጠመዘዝ፥
የኋላው ፉርጎ ሆነህ በመስኮት ብቅ ስትል፥
ያውልህ ራሱ! በማዶ በኩል ሲያዘግም፤
አንተው ነህ የምትሄደው፥ አንተው ነህ የምታየው።
ለዚህ ነው ሰው ገደል ሊያይ ገንዘቡን የሚከፍለው።
ባቡር መርፌ ነው ልጄ፥ ተራራን የሚጠቅም፣
ገደልና ገደል፥ ያለሱ መች ሊገጥም?"

ዘንድሮ በሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ።
ሲንጀሩን ለእህቱ ልጅ፥ ጠመኔውን ለሠፈር ሕፃናት ሰጠ፤
ነሐሴን ጠቅልሎ በብብቱ ያዘና
"ና፥ ውሰደኝ" አለኝ።

ጊዮርጊስ አጠገብ፥ ባቡሩ ከመሬት ሆድ ይነሣል።
በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ የመጀመሪያ ትኬቱን ቆረጠ፤
እንደ ጨርቅ ናሙና በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት።
ከዚያ ጨለማ። መስኮቱ መስተዋት ሆነ፤
የገዛ ፊቱን አየና ኮሌታውን አቃና።
ከዚያ ብርሃን፦
አትክልት ተራ፥ ገበያው ሄዶ ስሙ የቀረ፤
የቆርቆሮ ጣሪያ፥ ጭቃ፥ ዣንጥላ፤
ከዣንጥላው ሥር አንዲት ሴት፥
ወይን በሰማያዊ ሳፋ።
ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "መስከረም!" አለ።
"እኔም ገልጬ አይቼው ነበር፥ ያኔ የሰጠኝ ለት።
ለማንም አልነገርኩም።"

ልደታ ስንደርስ ሐዲዱ ታጠፈ።
ብድግ አለ፤ ግንባሩን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ
የፊተኛውን ፉርጎ፥ የገዛ ራሳችንን፥
ቀስ ብሎ ወደ ሜክሲኮ ሲያዘነብል አየ።
አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላለም።

ትኬት የምታየው ልጅ መጣች፤
የደንብ ልብሷ ከመጋዘን የወጣ፥ ትከሻው የሰፋ፥
ሁለተኛው ቁልፍ በአንድ ክር የተንጠለጠለ።
"ቁሚ" አላት፤ ከኮሌታው ጀርባ መርፌውን ነቀለ።
ለገሃር እስክንደርስ
ባቡሩም ሲጠቅም፥ እሱም ሲጠቅም፥
ነሐሴ ከብብቱ ወድቆ
ወንበር ለወንበር ይንከባለል ነበር።