ምርመራ በሚለው ዓምድ

የሰኔ ጉም ወርዶ ከጦሳ ትከሻ፣
ደሴ ስታነጥስ እንደ በረዳት ውሻ፣
ይማም ሜትሩን ስቦ፣ እኔ ቀለም ይዤ፣
ፎርሙን ከዝናቡ በላስቲክ ጋርጄ፣
ከፒያሳ ወጣን ዳገት ዳገቱን፤
መንገዱ ሲሰፋ የሚውጠው ስንቱን!

ስራዬ ቀላል ነው።
በር ስንት፣ ቆርቆሮ ስንት፣ ማገር ስንት፣ ወጋግራ፣
ቆጥሬ እጽፋለሁ በተራ በተራ፤
ግንቡ ላይ አንድ ቀይ ኤክስ። ከዚያ ወደ ሌላ ስራ።

እትዬ ሩቅያ ግን፣ ገና ከበሩ ጀምራ፣
«አንቱ አትበለኝ!» አለች፤
ግንቧም እንደ እሷ ነው፣ እርጅናውን አያወራ።
ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዘው
ጭቃና ልማድ ነው።
ሆዱ ወደ መንገድ ተገፍቶ እንደ እርጉዝ ላም፣
ይወድቃል ሲባል ሃያ ክረምት ከረመ እንጂ አልወደቀም።

ብሩሼን ነክሬ ክንዴን እንዳነሳሁ፣
መስመር መስመርን በሚያቋርጥበት፣ እዚያው ላይ አየሁ፦
አንዲት ሐምራዊ አበባ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰች፣
ምላጭ በማያስገባ ስንጥቅ ርስት የወረሰች።
አፈሯ ቁንጥር አቧራ፣ ውሃዋ የክፈፍ ጠብታ፤
ሽታም የላት፤ ሞክሬያለሁ፣ አፍንጫዬን አስጠግቼ ለአፍታ።

«ልጄ፣ ቀለሙ እንዳይነካት» አለች እትዬ ሩቅያ፣
በአንድ እጇ የሽንኩርት ቢላ፣ በአንዱ የበሩን መዝጊያ።
«ቆርቆሮዬን ቆጥረሃል፣ ሚስማሩ እንኳ አልቀረ፤
እሷስ? ከእኔ በፊት እዚህ ግንብ ላይ ማን ነበረ?
ጻፋት።»
ይማም ሳቀ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ።
«ስሟን ማን ልበል?» አልኳት። ቆማ አሰበች። አታውቅ።
ከጎረቤት አንድ ልጅ «የድመት ዓይን» ብሎ ሮጠ።
«ተወው፣ ስም ምን ይሰራላታል? አትጠራ፣ አትርቅ።»

ምርመራ በሚለው ዓምድ፣ ማንም በማይጽፍባት፣
«አበባ፣ ብዛት አንድ፣ ስም ያልተገኘላት።»

ኤክሱንም ቀባሁ፤ እሷ ጋ ስደርስ ግን ብሩሹን አነሳሁ፣
አራት እግር ያለው፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ኤክስ ሰራሁ።
ከሩቅ ሲያዩት፣ አራት ቀያይ ሰዎች አንዲት ፍም ከበው
የሚሞቁ ይመስላል፣ ለጉሙ ጀርባቸውን ሰጥተው።

ቢሮ ስገባ፣ ሃላፊዬ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ሰቅሎ፣
«ይሄ ምንድነው?» አለ። ሰረዛት፣ በማስመሪያ፣ አስተካክሎ።
አልተከራከርኩም፤ የቤት ኪራይ ነበረብኝ።
ከሰረዙ ስር ግን ፊደሌ ይነበባል፤ ይኸው ነው የቀረኝ።

ሐምሌ መጣ፣ ነሐሴ መጣ፤ ዶዘሩ ግን አልመጣ፤
«በጀት አልተለቀቀም» የሚል ደብዳቤ ወጣ።
ቀዩን ዝናብ አጥቦት ሮዝ ሆነ፣
ከዚያ የዛገ ውሃ፣ ከዚያ ደብዛው በነነ።
እትዬ ሩቅያን ልጇ ወሰደቻት፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ቆላ፣
«የደሴ ብርድ ጉልበቷን ጨረሰው» ብላ።
ምልክት ያደረግሁበት ግንብ ቀረ ቆሞ፤
ምልክት የሌለባት ሄደች፣ ባጃጁ ፍራሽ ተሸክሞ።

በጥቅምት፣ በዚያ በኩል ሳልፍ ማታ ከስራ፣
ቆምኩ። አበባዋ ደርቃለች፤ ፍሬዋ እንደ አቧራ፣
እፍ ሳይሉት የሚሄድ፣
የቱን ግንብ እንደሚይዝ፣ የቱን እንደሚክድ
ለማንም አመልክቶ የማያውቅ።
በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ዝናብ ያበጠው ሳንቃ።
ጉሙ ከላይ መጣ፣ እኔን አልፎ፣ ወደ ገበያው ሸተት አለ።

የእኛ ቢሮ ግድግዳ ደግሞ፣ ከሃላፊዬ መስኮት ታች፣
ፀጉር የምታክል ስንጥቅ በክረምቱ አወጣች።
ጠዋት ጠዋት አያታለሁ። እስካሁን ባዶ ናት።
ትናንት ግንበኛው መጣ፣ ሲሚንቶ ለውሶ ሊደፍናት፤
«ቆይ» አልኩት፣ ወረቀት ገልብጬ፣
«ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ተዋት።»