ስለ ቅጣት ክብደት

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጪ፣ ከኒም ዛፍ ጥላ፣
ጠረጴዛዬ አለች፣ ባንድ እግሯ ሰንካላ፤
ማመልከቻ እየጻፍኩ እዚህ እውላለሁ፣
የሰውን ዓመታት በመስመር እለካለሁ።

ዙምራ መጣች ዛሬ፣ ከአሸዋ ገበያ፣
በፌስታል ቋጥራ ፍርዱን፣ የልጇን፣ ያንድያ።
«ዘጠኝ ዓመት ተኩል» ብዬ ሳነብላት፣
ሚዛን እንደያዘች መዳፏ ዝቅ አለባት፦
«ዘጠኝ ኪሎ ተኩል በእጄ ነው የማውቀው፤
ዘጠኝ ዓመት ተኩል፣ ማነው የመዘነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እኔ አልሸፋፍንም፤
ልጇ ሚፍታህ ይባላል፣ ሃያ አልሞላውም።
ካንድ ጓደኛው ጋር፣ ደቻቱ ድልድይ ዳር፣
ቢላውን ጨብጦ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
የወሰደው፦ የባለባጃጁን ስልክ፣ ስምንት መቶ ሃምሳ ብር።
ሲራጅ ቢላውን ሊቀማ ሰነዘረ እጁን፣
ስለቱ ሸረከተው የግራ አውራ ጣቱን፤
ሰባት ቦታ ተሰፍቷል። ሐኪሙ ጽፎታል።
ዙምራም አልካደችም። «አጥፍቷል» አለች፣ «ዘርፏል።
ይታሰር፣ ይገባዋል። ግን ሠላሳ ሊሞላው
ሲወጣ፣ ማን ሥራ ሊሰጠው? እኔስ ልኖር ነው ወይ ላየው?»

ደግሜ አነበብኩት፣ ጣቴን እየጎተትኩ፣
«ሌሊትን ተገን አድርጎ» የሚል ሐረግ ላይ ቆምኩ።
ለዚህች አንዲት ቃል ነው እርከኑ የጨመረው።
ዳኛው ደገኛ ናቸው፣ የድሬን ሌሊት ማን ነገራቸው?
እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ክቡር ፍርድ ቤት፣
እዚህ የሚያስፈራው ቀን ነው፤
ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ስትፋጅ፣
ከዚራ ጭር ይላል፣ ይዘጋል ሁሉም ደጅ፤
ሌባውም ዳኛውም ጋደም ብሎ ላቡን ያብሳል፣
ውሻው እንኳ ቀና አይል፣ ቱቦ ውስጥ ይገባል።
ማታ ነው ድሬዳዋ ዓይኗን የምትከፍት፤
ጫት ተራ ይደምቃል፣ አልጋ ይወጣል ከቤት፣
ሽርጥ አገልድመን ደጃፍ ላይ ካርታ ስንጫወት
ሰው ሰውን ያያል። ታዲያ ለማን ተገን ሆነ ሌሊት?

ይህን ጻፍኩና ራሴን አደነቅኩ።
ጮክ ብዬ አነበብኩላት።
«ያን ለት መብራት አልነበረም» አለችኝ ቆይታ፣
«ቲማቲሙን በሻማ ነው የሸጥኩት፣ ያን ማታ።»
መሰረዝ ነበረብኝ።
አልሰረዝኩትም።

በየዓርቡ ትሄዳለች፣ ገንደ ቆሬ፣ ሲራጅ ቤት፣
ሦስት ኪሎ ቲማቲም ታኖራለች ከበሩ ፊት።
አንዴ ወርውሮባታል። አንዴ ሚስቱ መልሳለች።
ባለፈው ግን ቲማቲሙን መለሰና
ፌስታሉን አስቀረ።
«ይሄስ አይጻፍም?» አለችኝ።
ሕጉ ዕርቅን ያውቃል አልኳት፣ ካሣንም ያውቃል፤
ፌስታል የሚል አላየሁም።

ከላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «ይግባኝ»።
አማርኛዋ የገበያ ነው፤ «ምን ማለት ነው?» አለችኝ።
«ይገባኛል፣ ይድረሰኝ ማለት ነው» ብዬ መለስኩኝ።
«እኔ የመሰለኝ» አለች፣ «ነገሩ ይግባኝ፣
አስረዱኝ የሚል ነው። በሉ እስኪ ይግባኝ፣
ስለ ምን ዘጠኝ ሆነ፣ ስለ ምን ስድስት አልሆነልኝ?»
ሃያ ዓመት ስጽፍ ከዚህ የተሻለ ነጥብ አልጻፍኩም።

መዝገብ ቤት ገባን፣ ሦስት ቅጂ። ጸሐፊዋ ቀለሙን ገፋች፦
«ፊርማ ካልቻልሽ ጣትሽን፤ የግራ አውራ ጣት» አለች።
ዙምራ ነክራ ተጫነችው፣ ቀስ ብላ፣ እስኪታተም፤
ጨርቅ ብሰጣት አልጠረገችም።
ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፣ አንጓውን፣ ጥፍሩን።
«ያንን ሰው የሰፉት ይሄኛውን ነው?»
«አዎ» አልኳት። «የግራውን።»