አራት መቶ አሥር ሜትር ላይ

ከሽምብጥ ወደ ሐይቁ ቁልቁል ሲወርዱ
አንድ የብረት ሣጥን ቆሟል ከመንገዱ።
ቁልፉ ዝጎ ኖሮ በሩ እምቢ ሲለኝ
በመፍቻ ፈልቅቄ
ያልተበጠረ ጎፈሬ፣ የሽቦ ጎፈሬ፣ ተጎልጉሎ አየኝ።

ከመቶ ጥንድ መሃል አንዷን ነው የምፈልገው፤
መጨረሻዋ ላይ አቶ ጫንያለው፦
ጡረተኛ ቲኬት ቆራጭ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ለዘጌ መንገደኛ ወንበር ሲያከፋፍሉ።
ሁለት ወር ደጅ ጠኑ፤ «ፍጥነት ያለው ኢንተርኔት አስገቡልኝ» አሉ፣
«የማስተዋል ትምህርት በሱ ነው፤ ሞደሙም ገመዱም ካርቶን ውስጥ አሉ።»

ስልኬን ሰካሁበት፦ ድምፅ አለው፣ ይጠራል፤
ከድምፁ ሥር ግን አንድ ነገር ይጠበሳል፣
ዳር ላይ እንደሚሸጠው ዓሣ፣ ዘይቱ ሲግል፣
ችስስ ይላል።
«ለወሬ ይሆናል» አልኳቸው፣ «ለዳታ አይረባም፤
ሰው የጎደለ ቃል ገምቶ ይሞላል፤ ሞደም ግን ግምት ውስጥ አይገባም።»

ኦሙን ለካሁት፤ ሁለቱንም ሽቦ እኩል አገኘኋቸው፣
ወደ መሬት የሚያፈስ ጥቂት እንኳ የላቸው።
ታዲያ ምንድነው?
ሌላው መሣሪያ አለ፤ መስመሩ ላይ ምት ይልካል፣
የተበጠሰ ካለ፣ የረጠበ ካለ፣ ሽቦው ራሱ ያስተጋባል።
በዚህ ሜዳ አገር፣ ገደል በሌለበት፣
አራት መቶ አሥር ሜትር ላይ ማሚቶ መለሰልኝ፣ ሰው እንዳለበት።

ካርታው ላይ የለም። መዝገቡም አያውቀው።
ከምሰሶ ምሰሶ፣ አንገቴን አቅንቼ፣
ከዘንባባ ዘንባባ፣ ሁለቴ በሰው አጥር ሾልኬ ገብቼ፣
ተከተልኩት። ሽቦው ሄዶ ሄዶ፣
የጀልባ ሞተር ይፈታበት ከነበረ፣
ደጁ በእምቦጭ ድርቆሽ ከታጨቀ ቆርቆሮ ቤት አደረ።

በስንጥቁ አጮለቅሁ፦
ግድግዳው ላይ ቀይ ስልክ፣ አቧራው ጣት የሚያህል፤
ከሥሩ በከሰል የተጻፈ፦
«ሁለቴ ጠርቶ ዝም ካለ የኔ ነው።»

«የአንሙት ነው» አሉ፣ መነጽር እያወለቁ፤
«ለሁለት አንድ መስመር። ሃያ ዓመት፣ እናንተ ሳታውቁ።
ማዕበል ሲሸተው ‹ጀልባ እንዳታስወጣ› ይለኝ ነበረ።
ዛሬም ንፋስ ሲነሣ ጆሮዬ ወደ ስልኩ ያዘነብላል፤
ከሞተ አራት ክረምቱ።
ለካ ሽቦው እስካሁን ይጠብቃል።»

«ፍጥነቱን» አልኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የሚበላው እሱ ነው።»
ሐይቁ ላይ አንድ ሞተር ሳል እንደያዘው ሰው አለፈ።
«ፈተናዋ ሰኞ ነው» አሉኝ፣ «ቁረጠው።»
ወደ ጓዳ ገቡ። ምንም ሊያመጡ አልነበረም።

ቆረጥኩት።
ጫፉን አልጣልኩም፤ በቴፕ ጠቅልዬ፣ ከምሰሶው አስሬ ተውኩት።
የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ረጋ፤
ማስተዋል ቁጥሩን አነበበች፦ ስምንት ሜጋ!
እልል ልትል አፏን ከፍታ
የጓዳውን መጋረጃ አየችና ተወችው።

የሥራ ቅጹ ላይ የመጨረሻው ረድፍ፦ «የብልሽቱ ምክንያት።»
«ሕገ ወጥ ቅጥያ» ብል ሽማግሌው ይቀጣሉ፤
«የሞተ ሰው ስልክ» ብል ሠንጠረዡ አይበቃም።
«እርጥበት» ብዬ ጻፍኩ።
ሐይቅ ዳር ነው፤ እርጥበት አይታጣም።