ደረጃ

ኮዬ ፈጬ ጥጉ፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ፣
መብራት እስኪመጣ ባትሪዬን ስጠብቅ፣
ለብየዳ ቤቱ፣ ለዱጋሳ ዋቆ፣
ሦስት ገጽ አሰለፍኩ፣ ይለይ ተናንቆ።

አንዱን በዎርድፕሬስ፣ አንዱንም በጁምላ፣
ሦስተኛውን በእጄ፣ ያለ ምንም ሌላ፤
ያው ፎቶ፣ ያው ስልክ፣ ያው የካሬ ዋጋ።
ማታ ማታ ወጣሁ ደረጃ ፍለጋ።

ዎርድፕሬስ ሰባተኛ፣ ፕለጊን አጉብጦት፤
ጁምላ ገጽ አራት ላይ፣ ሰው ሁሉ ረስቶት፤
በእጄ የጻፍኩትማ፣ ቀላልና ፈጣን፣
ስድስት ላይ አየነው፣ አሥራ አንድ ላይ አጣን።

ውጤቱን ሳነብለት ጭምብሉን አነሣ፤
«ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ?» ጠየቀኝ ዱጋሳ።
«የብረታ ብረት ምሕንድስና መፍትሔ።»
«እኔን የሚፈልግ ሰው፣ ቋንቋው ነው ወይ ይሄ?
‹የኮንዶሚኒየም በር›፣ ‹ደረጃ የሚበይድ›፣
እንዲህ ነው የሚለኝ ከባጃጅ ሲወርድ።»

ቃሉን ገለበጥኩት።
                    ከሳምንታት ኋላ
ዎርድፕሬስ፣ የእጄ ሥራ፣ ያ የተረሳው ጁምላ
ተራ በተራ ወጡ። የቱ እንደቀደመ
ልቆጥር ስል መብራት ሄደ፤ ኮዬ ጨለመ።

በዳበሳ ወረድኩ።
መዳፌ ሥር ያለው
የደረጃው ብረት፣
ዱጋሳ የበየደው።