አርባ አንድ ቁልፍ

ከወገቤ ታስሮ አርባ አንድ ቁልፍ፣
ሲንሿሿ አብሮኝ ወርዶ፣ ሲንሿሿ አብሮኝ የሚያልፍ፣
የዘጠኝ ፎቅ ጠጋኝ ነኝ። ዊኒፔግ፤ ጥር ነው፤
ከዜሮ በታች ሠላሳ፣ ትንፋሽ የሚሰብረው።

ቧንቧ ቢያፈስ እኔ፣ አምፖል ቢጠፋ እኔ፣
ሊፍት መሀል ቢቆም የሚጮኸው በእኔ፤
በስድስተኛ ፎቅ የማዳም ቤሩቤ ድመት
ከምድጃ ኋላ ብትገባ — ማን ያውጣት?

አባቴ ሲመክረኝ «ሁለት ባላ ትከል፣
አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል»
ይል ነበር። ሰማሁት፤ እንዲያውም አበዛሁ፤
አንዱ ሳይጸናልኝ ሰባት ባላ ተከልሁ፦
ብየዳ፣ ቀለም ቅብ፣ ሽቦ፣ ፈረንሳይኛ፤
ባላው ተደርድሯል፤ ጎጆ የለም የሚያስተኛ።
ፎርም ሲሰጡኝ «ሙያ» ከሚለው ጎን
ባዶውን መስመር ዘልዬው አልፋለሁ።

ዛሬ በማለዳ አንድ ሽማግሌ መጣ፣
ሲጉርድሰን የሚሉት፣ ከጊምሊ የወጣ፣
የአዳራሹን ፒያኖ ሊቃኝ፤ በብብቱ
አንዲት መፍቻ ብቻ — ያቺው ናት ሀብቱ።

«ስንት ዘመን ሠራህ?» «ሃምሳ ሁለት» አለኝ።
«ሌላስ?» «ሌላ የለም።» ዞሮም አላየኝ።
«ታዲያ ትጫወታለህ?» «አንድም ዜማ አላውቅ፤
የእኔ እስከዚህች ነው» አለ፣ አውታሩን ሲያጠብቅ።

ሃምሳ ሁለት ዓመት! ለአንዲት መፍቻ!
ናቅሁት ይሁን ቀናሁ — አላውቅም፤ ብቻ
የላላውን ማጠፊያ ልሠራ የመጣሁ
ጠመንጃ ያዥ በእጄ፣ ቆሜ ቀረሁ።

ነካ፤ አዳመጠ። ደግሞ ነካ።
«ማራገቢያውን አጥፋው።» አጠፋሁ።
«ፍሪጁን ንቀለው።» ነቀልሁ።
«አሁንም አንድ ነገር ያንጎራጉራል» አለ፣ «ከግድግዳው ውስጥ፤
ከዚህ ድምፅ በፀጉር ቅጥነት ዝቅ ይላል፤ ያሳስተኛል።»

ጆሮዬን አቀናሁ፤ ጆሮዬ መች ሰማ፤
መዳፌን ለጠፍሁ — እጄ ላይ ነው ዜማ!
የምድር ቤቱ ፓምፕ ነው፣ ሙቅ ውሃ የሚገፋ፤
ኩሽኔታው ተበልቶ ከርሟል ሲያንኮራፋ።
ሽማግሌው ሰማው፤ የማን እንደሆን አያውቅም።
እኔ በየቀኑ አልፌው፣ አንድ ቀን አልሰማሁም።

ወርጄ አጠፋሁት። ስልኬ መጮኽ ጀመረ፦
ሦስተኛ ፎቅ በረደን፤ ሰባተኛ በረደን፤
ማዳም ቤሩቤ «ድመቴ!»
«ሃያ ደቂቃ» አልሁ። ዋሸሁ። አርባ አለፈ።

አሁን ከጨለማው፣ አንድ እጄ ማብሪያው ላይ፣
በሌላው መዳፌ አርባ አንዱን ቁልፍ ጨብጬ
እንዳይንሿሹ፣ ቆሜአለሁ። ምንም አልጠግንም።
ከራሴ በላይ፣ ከወለሉ ወዲያ፣ ያች አንዲት ድምፅ
ትመጣለች፣ ትሸሻለች፣ ትቀርባለች፤
«በቃ» ብሎ በእግሩ ወለሉን እስኪመታልኝ
እጠብቃለሁ። ገና ነው።
ገና ነው።
ዘጠኝ ፎቅ ሙሉ ሰው ካፖርቱን እየደረበ።